ከግርግም እስከ ኩባያ፤ የወተት ምርመራ እንዴት ተጀመረ?

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ወተት ነው፡፡ ስለ ወተት ጥቅም ግን ልናስተምራችሁ አልመጣንም፡፡ ጥቅሙንማ ማን ያጣዋል? ሕፃን ያድግበታል፣ የታመመ ያገግምበታል፣ እንግዳ ይከበርበታል፡፡ ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፡፡ ለመሆኑ ለገበያ የቀረበ ወተት ደኅና መሆኑ በምን ይታወቃል?

እናቶቻችን ለዚህ ጥያቄ መልስ አላቸው፡፡ ወተቱን ያሸቱታል፣ ይቀምሱታል፣ ያፈሉታል፤ ዕቃውንም በወይራ ያጥኑታል፡፡ በወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ያለው ሠራተኛም የራሱ ዘዴ አለው፡፡ መለኪያውን ነክሮ ውሃ ተጨምሮበት እንደሆነ ያያል፡፡ ከአልኮል ጋር ቀላቅሎ ይቆራረጥ አይቆራረጥ እንደሆነ ይመለከታል፡፡ እነዚህ ሁሉ ጥሩ ዘዴዎች ናቸው፤ ማንም አይንቃቸውም፡፡ ነገር ግን ሁሉንም አልፎ የሚገባ አንድ መርዝ አለ፡፡ በአፍንጫ አይሸተትም፣ በምላስ አይቀመስም፣ በዓይን አይታይም፡፡ ወተቱን ቢያፈሉትም አይጠፋም፡፡ ስሙ አፍላቶክሲን ይባላል፡፡

ሰው ይህን መርዝ እንዴት አወቀው? ወተት ውስጥስ እንዴት አገኘው? እስቲ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንከተለው፡፡ የሚጀምረው ከላም አይደለም፤ ከዶሮ ነው፡፡ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ፡፡

ምን ያዛቸው? ምን በሉ?

ዘመኑ 1960 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው፡፡ አገሩ እንግሊዝ፡፡ እንግሊዞች ለገና በዓል የሚያርዱት ተርኪ የሚባል ትልቅ የዶሮ ዓይነት አለ፡፡ በዚያ ዓመት በየእርባታው ያሉት የተርኪ ጫጩቶች ማለቅ ጀመሩ፡፡ ትናንት ሲጭሩና ሲንጫጩ የነበሩት ምግብ ይተዋሉ፣ ክንፋቸው ይዝላል፣ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ይሞታሉ፡፡ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ ጫጩቶች አለቁ፡፡ ሆዳቸው ሲከፈት ጉበታቸው ተበላሽቶ ተገኘ፡፡

የእንስሳት ሐኪሞቹ መጀመሪያ ያሰቡት እናንተም የምታስቡትን ነው፤ ተላላፊ በሽታ ገባ አሉ፡፡ ጀርሙን ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አጡት፡፡ ምንነቱ ስላልታወቀም «የተርኪ ኤክስ በሽታ» ብለው ሰየሙት፡፡ ኤክስ በሒሳብ ትምህርት ያልታወቀው ቁጥር የሚጠራበት ፊደል ነው፡፡ ያልታወቀው በሽታ ማለታቸው ነው፡፡

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይባል የለ? ነገሩ እንደዚያ ነበር፡፡ መልሱ የተገኘው ጥያቄው ሲለወጥ ነው፡፡ «ምን ያዛቸው?» የሚለው ቀረና «ምን በሉ?» ተባለ፡፡ የሞቱት ጫጩቶች የበሉት መኖ ወደ ኋላ ሲጠና በውስጡ አንድ የጋራ ነገር ተገኘ፤ ይኸውም ከብራዚል በመርከብ የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ነው፡፡ ፋጉሎ ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም፤ የቅባት እህል ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ነው፡፡ ብዙም ሳይቆይ ከምሥራቅ አፍሪካ በመጣ የለውዝ ፋጉሎ ውስጥም ያው መርዝ መኖሩ ታወቀ፡፡ ስለሆነም ነገሩ የአንድ አገር ጉድለት አልነበረም፡፡ ለውዙ ላይ የወጣው ሻጋታ ነበር መርዙን የሠራው፡፡

የሻጋታው የሳይንስ ስም አስፐርጊለስ ፍላቨስ ይባላል፡፡ እስቲ ቃሉን በወረቀታችሁ ላይ ከፋፍላችሁ ጻፉት፡፡ ከአስፐርጊለስ «አ» ተወሰደ፤ ከፍላቨስ «ፍላ» ተወሰደ፤ መርዝ ማለት የሆነው «ቶክሲን» ተቀጠለበት፡፡ አፍላቶክሲን ማለት ይኼው ነው፤ የአንድ ሻጋታ መርዝ፡፡ ይህ ሻጋታ ሙቀትና እርጥበት ይወዳል፡፡ ድርቅ ያጎሳቆለውን ሰብል ማሳ ላይ እያለ ያጠቃዋል፤ በእርጥቡ የተከመረውን ደግሞ ጎተራ ውስጥ ያገኘዋል፡፡

ተመራማሪዎቹ በዚያው ሰሞን አንድ ጠቃሚ ነገር አስተዋሉ፡፡ መርዙ በጨለማ ክፍል ውስጥ አልትራቫዮሌት የሚባለው ለዓይን የማይታይ ጨረር ሲበራበት ራሱ ያበራል፡፡ አንዱ ዓይነት ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፤ ቢ ተባለ፡፡ ሌላው አረንጓዴ ይሰጣል፤ ጂ ተባለ፡፡ ፊደሎቹ በእንግሊዝኛ የቀለሞቹ ስም መነሻ ናቸው፡፡ ከሁሉም የከፋው ቢ-1 የተባለው ነው፡፡ ለዓይን የተሰወረው ነገር እንዲህ በብርሃን ተያዘ፡፡

ከፋጉሎ ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው መጠየቁ አይቀርም፡፡ ይህንኑ ፋጉሎ ላሞችም ይበሉታል፡፡ ላሟ እንደ ጫጩቷ ወዲያው አትሞትም፤ ደኅና መስላ ትታለባለች፡፡ ታዲያ መርዙ የት ይገባል?

ይህን ጥያቄ አንስተው የመረመሩት በእንግሊዝ አገር በዌይብሪጅ የእንስሳት ሕክምና ላቦራቶሪ የሚሠሩት ሩት ኦልክሮፍትና ባልደረባቸው ካርናጋን ናቸው፡፡ መርዝ ያለበት የለውዝ ፋጉሎ የበሉ ላሞችን ወተት ወሰዱ፡፡ በዚያን ጊዜ ወተትን የሚመረምር የረቀቀ መሣሪያ አልነበረም፤ መመርመሪያቸው የዳክዬ ጫጩት ነበረች፡፡ በተፈለፈለች በአንድ ቀኗ ለዚህ መርዝ ከማንም ይልቅ ስስ ናት፡፡ ከወተቱ ያወጡትን ለጫጩቶቹ ሰጡና ጉበታቸውን አዩ፡፡ ፋጉሎውን ራሱን የበሉ ጫጩቶች ጉበት ላይ የታየው ጉዳት በእነዚህም ላይ ታየ፡፡ ውጤቱ በ1963 ታትሞ ወጣ፡፡ ላሚቱ ሳትሞት መርዙን ለወተቱ ማውረሷ በዚህ ተረጋገጠ፡፡

ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች የነገሩ አካሄድ ግልጽ ሆነ፡፡ ላሚቱ ቢ-1ን ከመኖዋ ጋር ትበላለች፡፡ ጉበቷ መርዙን ለማስወገድ ይለውጠዋል፤ የተለወጠው መርዝ ከፊሉ በሽንቷ፣ ከፊሉ በወተቷ ይወጣል፡፡ ወተት ውስጥ ስለተገኘ ኤም ተባለ፤ በእንግሊዝኛ የወተት ስም መነሻ ፊደል ነው፡፡ የኤም-1 ኬሚካዊ ቅርፅ በ1966 ታወቀ፡፡

ሦስት ነገሮችን በተለይ ያዙ፡፡ አንደኛ፣ ላሚቱ ከበላችው መርዝ ወደ ወተቷ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው፤ ብዙ ወተት በሚሰጡ ላሞች ግን እስከ ስድስት እጅ ሊደርስ ይችላል፡፡ ሁለተኛ፣ የተበከለ መኖ በበላች በአንድ ቀን ውስጥ መርዙ ወተቷ ላይ ይታያል፡፡ ሦስተኛ፣ ያ መኖ ሲቋረጥ መርዙ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ከወተቱ እየጠፋ ይሄዳል፡፡ ይህ ሦስተኛው ትልቅ የምሥራች ነው፡፡ ላሚቱ አልተበላሸችም፤ የተበላሸው ምግቧ ነው፡፡

የፋብሪካ ማሞቂያም ቢሆን፣ የቤት ማፍያም ቢሆን፣ ኤም-1ን አያጠፋውም፡፡ ማፍላት ጀርም ይገድላልና አትተዉት፤ ይህ መርዝ ግን ጀርም አይደለም፡፡ ኤም-1 ከወተቱ ፕሮቲን ጋር መጣበቅ ይወዳል፡፡ ስለዚህ ወተቱ አይብ ሲሆን መርዙ አብሮ ይከማቻል፤ በቅቤው ውስጥ የሚገኘው ግን ጥቂት ነው፡፡

ዳክዬዋ በመሣሪያ ተተካች

ያለውን ወተት ሁሉ በዳክዬ ጫጩት መመርመር አይቻልም፡፡ ስለዚህ ሌላ ዘዴ መጣ፡፡ በነጭ ዱቄት በስሱ የተቀባ መስታወት ላይ ከወተቱ የተጣራ ጠብታ ይደረጋል፡፡ የመስታወቱ ጫፍ ፈሳሽ ውስጥ ሲቆም ፈሳሹ ጠብታውን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ ልዩ ልዩ ነገሮችም በየደረጃቸው ይቀራሉ፡፡ ከዚያ በጨለማ ውስጥ ያ ጨረር ሲበራ መርዙ ካለ በቦታው ላይ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ያበራል፡፡ የነጥቡ ድምቀት መጠኑ ከታወቀ ነጥብ ጋር እየተወዳደረ ይለካል፡፡

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ደግሞ ሌላ መንገድ ተከፈተ፡፡ ሰውነት በሽታን ሲከላከል ጠላቱን ለይቶ የሚይዝ ንጥረ ነገር ያመርታል፡፡ ሳይንቲስቶች አፍላቶክሲንን ብቻ ለይቶ የሚይዝ እንዲህ ያለ ንጥረ ነገር ከእንስሳት ማግኘት ቻሉ፡፡ ዛሬ ወተት የጫነ መኪና ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ፣ ከወተቱ ጥቂት ጠብታ በአንድ የወረቀት ቁራጭ ላይ ተደርጎ፣ በደቂቃዎች ውስጥ «ይግባ» ወይም «ይመለስ» ማለት የሚቻለው በዚህ ዘዴ ነው፡፡

ድንበሩን ማን አሰመረው?

መለካት ከተቻለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ሲሆን ነው የሚከለከለው?» የሚል ነው፡፡ አሜሪካኖች በ1977 ድንበሩን በአንድ ኪሎ ወተት 0.5 ማይክሮግራም ላይ አደረጉት፡፡ ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው፡፡ በሌላ አነጋገር አንድ ግራም መርዝ በሁለት ሚሊዮን ሊትር ወተት ውስጥ ማለት ነው፡፡ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ1999 ጀምሮ አሥር ጊዜ አጥብቆ 0.05 አለ፡፡ የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮሚሽን በ2001 የመረጠው 0.5ን ነው፡፡

አንዱ ወተት በአንዱ አገር ደኅና፣ በሌላው አገር ክልክል የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? መርዙ አንድ ነው፡፡ አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል አረጋግጧል፤ በ1993 በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ከተባሉት ነገሮች በአንደኛው ምድብ አስፍሮታል፡፡ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ ባለበት ሰው ላይ ይከፋል፡፡ ነገር ግን የወተቱ ኤም-1 ካንሰር የማምጣት ኃይሉ ከእህሉ ቢ-1 አንድ አሥረኛ ያህል እንደሆነ ይገመታል፡፡ የኮሚሽኑ አማካሪ ባለሙያዎችም በሁለቱ ድንበሮች መካከል ያለው የጉዳት ልዩነት በጣም ትንሽ መሆኑን በ2001 አስልተዋል፡፡ እንግዲህ ድንበር ሲሰመር ሳይንስ ብቻውን አይናገርም፤ የአገር አቅምና የገበያ ፍላጎትም አብረው ይናገራሉ፡፡

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ሰርቢያ ነች፡፡ በ2012 ድርቅ የሰርቢያን በቆሎ ጎዳው፤ ሻጋታውም ገባበት፡፡ በ2013 መጀመሪያ በአገሩ ወተት ውስጥ ከ0.05 በላይ መርዝ ተገኘ፡፡ መንግሥቱ ምን አደረገ? ድንበሩን ለጊዜው ወደ 0.5 ከፍ አደረገው፡፡ ትናንት ክልክል የነበረው ወተት በማግሥቱ ተፈቀደ፤ ወተቱ ግን ያው ነበር፡፡ ስለዚህ «ተመርምሮ አልፏል» ሲባል ስትሰሙ «በየትኛው ድንበር?» ብላችሁ ጠይቁ፡፡

ታሪኩ ወደ ቤታችን መጣ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፡፡ ከእንግሊዙ የተርኪ እልቂት ከሃምሳ አራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ወተትና መኖ ሰበሰቡ፡፡ በጥናቱ ከተሳተፉት አንዱ ዓለም አቀፉ የከብት ምርምር ድርጅት፣ ኢልሪ የሚባለው፣ ነበር፡፡ ናሙናው የተሰበሰበው ከሴፕቴምበር 2014 እስከ ፌብሩዋሪ 2015 ነው፤ በእኛ 2007 ዓ.ም. መሆኑ ነው፡፡ ከገበሬዎችና ከነጋዴዎች 110 የወተት ናሙና ተወሰደ፡፡ በ110ሩም ውስጥ ኤም-1 ተገኘ፡፡ የአውሮፓን ድንበር ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ፡፡ 29ኙ የአሜሪካንንም ድንበር አልፈዋል፡፡ ከሁሉ የባሰው 4.98 ሆኖ ተገኘ፤ ከላላው ድንበር እንኳ አሥር እጥፍ ያህል መሆኑ ነው፡፡

ለምን? አሁንም ትክክለኛው ጥያቄ ያው የድሮው ነው፤ «ምን በሉ?» ከመኖም 156 ናሙና ተመርምሮ ነበር፡፡ በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ ከ7 እስከ 419 ማይክሮግራም ቢ-1 ተገኘ፡፡ ከፉርሽካው ይልቅ ከፍተኛ መርዝ የታየው በኑግ ፋጉሎ ነው፡፡ ኑግ የአገራችን ቅባት እህል ነው፡፡ ዘይቱ ለወጥ፣ ፋጉሎው ለላም፤ ከጥንት የኖርንበት ነው፡፡ ጥፋቱ የኑጉ አይደለም፡፡ ፋጉሎው እርጥበት እያገኘው፣ ሙቀት እያፈነው፣ ተከምሮ ሲከርም ሻጋታው ጊዜ ያገኛል፡፡ በእንግሊዝ የለውዝ ፋጉሎ፣ በአዲስ አበባ የኑግ ፋጉሎ፤ አገሩ ተለየ እንጂ ታሪኩ አንድ ነው፡፡

ወሬው በከተማው ሲሰማ ብዙ ቤተሰብ ደነገጠ፡፡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ጉዳዩ የልጅ ጉዳይ ነው፡፡ ድንጋጤ ግን ሁለት ሰው ይጎዳል፡፡ ወተት የሚቀርበት ሕፃን ለአጥንቱና ለሰውነቱ የሚሆነውን ምግብ ያጣል፡፡ ሁለት ላም ይዛ ልጆቿን የምታስተምር ባለወተት ደግሞ ገበያዋን ታጣለች፤ እሷ ፋጉሎውን የገዛችው በደኅና ልብ ነው፡፡ መርዝን በአንድ ጊዜ በብዛት መብላት ፈጥኖ ይገድላል፤ በ2004 በኬንያ በሻጋታ የተበከለ በቆሎ የበሉ 125 ሰዎች ሞተዋል፡፡ የወተቱ ግን እንደዚያ አይደለም፡፡ የወተቱ ጉዳት በጥቂት በጥቂቱ፣ በብዙ ዓመት የሚጠራቀም ነው፡፡ ስለዚህ መፍትሔው ወተቱን መድፋት ሳይሆን ምንጩን ማድረቅ ነው፡፡

ሳይቃጠል በቅጠል

ምንጩ የት ነው? ግርግም ላይ ነው፤ ከግርግሙም አልፎ ፋጉሎው የተከመረበት መጋዘን ነው፡፡ ከአንድ ዘይት መጭመቂያ የወጣ ፋጉሎ የብዙ መንደር ላሞችን ይመግባል፡፡ እሱን በወጣበት መመርመር ሺህ ኩባያ ወተት ከመመርመር ይሻላል፡፡ አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፡፡ ሻጋታ በክምር ውስጥ እኩል አይዘራም፤ አንዱ ጥግ ንጹሕ ሆኖ ሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል፡፡ አንድ እፍኝ ከላይ ዘግኖ «ተመረመረ» ማለት ራስን ማታለል ነው፡፡ ከላይም፣ ከመካከልም፣ ከሥርም ተወስዶ መቀላቀል አለበት፡፡ ወተት ግን በጣሳው ውስጥ እኩል የተደባለቀ ነው፤ ስለዚህ ላሚቱ የበላችውን ሁሉ በታማኝነት ይመሰክራል፡፡ የወተት ምርመራ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የመኖው ምስክር ሲሆን ነው፡፡

በየቤታችሁስ ምን ይደረግ? ፋጉሎና ፉርሽካ ከመሬትና ከግድግዳ አርቃችሁ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ጣሪያው በማያፈስ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፡፡ ለወራት የሚበቃ አትከምሩ፤ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይውጣ፡፡ የሻገተውን፣ የተጋገረውን፣ የታፈነ ሽታ ያለውን ለላም አትስጡ፤ «ለከብት ምን አለበት» የሚለው አነጋገር ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ ከብቷ የበላችው ወደ ልጃችሁ ይመለሳልና፡፡ ሻጋታው ለዓይን ባይታይም መርዙ ሊኖር ስለሚችል ግን ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፡፡ ላሚቱን በፋጉሎ ብቻ አትቀልቡ፤ ደኅና ድርቆሽና ሌላም መኖ ይጨመርላት፡፡ በማኅበር ከሆናችሁ ፋጉሎ ሻጩን «ይህ ጭነት ተመርምሯል ወይ? ወረቀቱ የታለ?» ብላችሁ በአንድ ድምፅ ጠይቁ፡፡ ወተታችሁ ተመርምሮ መርዝ ቢገኝበትም ላሚቱን ለመሸጥ አትቸኩሉ፡፡ የተጠረጠረውን መኖ አቋርጡ፤ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ወተቱ ይጠራል፡፡

ወተት ገዝታችሁ የምትጠጡትም ድርሻ አላችሁ፡፡ ፋብሪካውን «ወተቱን ለአፍላቶክሲን ትመረምሩታላችሁ? በየስንት ጊዜው? ድንበራችሁ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፡፡ ጠያቂ የሌለበት ገበያ መርማሪ አያሻውም፡፡

የተርኪዎቹ ሐኪሞች ጀርም ሲፈልጉ ጊዜ አለፈባቸው፤ መኖውን ሲያዩ ግን መልሱን አገኙት፡፡ እኛ መልሱን በእጃችን ይዘናል፡፡ ነገ ጠዋት ላም የምታልቡ ሁሉ፣ ጡቷን ከመያዛችሁ በፊት ግርግሟን እዩ፡፡

ደኅና ሰንብቱ፡፡

በንባብ ቡድን ለመወያየት

1. የእንግሊዝ የእንስሳት ሐኪሞች የበሽታውን ምክንያት ያገኙት ጥያቄያቸውን እንዴት በመለወጥ ነው?
2. ወተት ማፍላት ምን ይጠቅማል? ምንስ አይችልም?
3. በመንደራችሁ ፋጉሎ ከየት ይመጣል? ማን ያከማቸዋል? በምን ቦታ?
4. 0.05ና 0.5 በሚሉት ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት አስሉ፤ በወተት ገበያ ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣም ተነጋገሩ፡፡